የቮልስ ሞተር ብሎኖችን ማቅለል፦ የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ሚዛኑ ላይ

በቤቴ የምሠራው ትንሽ አውሮፕላን ሞተር ማቆሚያው ላይ ወጥቷል፤ የብሎኖቹን ክብደት ልቀንስ ነው። 2180 ሲሲ የሆነ የቮልስዋገን ሞተር ነው። አራት ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ። አዲስ አበባ መንገድ ላይ ስናየው ያደግነው የቮልስ ሞተር ነው እንግዲህ። ሲሊንደሩ ሰፍቶ፣ የፒስተኑ ምት ረዝሞ፣ አሁን ወደ 80 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። እዚህ አሜሪካ በቤት በሚሠሩ ትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ በጣም የተለመደ ነው። አገር ቤት አስመላሽ ዘፈሩ በራሱ እጅ ለሠራት ኬ-570ኤ አውሮፕላን የተጠቀመው የቮልስ ሞተር ነው።

ማስታወሻውን የምይዝበት አንድ ግዴታ አለ። የአሜሪካው የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ኤፍኤኤ አውሮፕላኑን በአማተር የተሠራ ብሎ ፈቃድ የሚሰጠው፣ ከሥራው ከግማሽ በላዩ በሠሪው እጅ መሠራቱን ሲያምን ነው። ማስረጃው ፎቶና እንዲህ ያለ መዝገብ ነው። በአማርኛ የምጽፈው ግን ቶርኖ (ብረት እያዞሩ የሚቀርጹበት ማሽን) ላይ ለሚውሉ የሙያ ጓደኞቼ ብዬ ነው። ብሎን ሁላችንም በየቀኑ እናስራለን፣ እንፈታለን። ውስጡ ምን እንደሚካሄድ ግን ብዙም አናወራም።

ዛሬ ከሞተሩ ላይ መፈታት የሚችለውን ብሎን፣ ዳዶ (ብሎኑ ጫፍ ላይ የሚታሰረውን) እና ሮንዴላ (ከሥሩ የሚገባውን ቀለበት) ሁሉ ፈትቼ በየቦታው ለያይቼ መዘንኩ። ገና ምንም አዲስ ብሎን ሳልሠራ ብዙ ትርፍ ክብደት አገኘሁ። ከመጠን በላይ የረዘሙ ብሎኖች ነበሩ። ርዝመታቸውን ለማካካስ ሁለት ሦስት ሮንዴላ የተደራረበባቸውም አሉ። ከዳዶው ውጭ ከአንድ እስከ ሦስት ጥርስ ብቅ ካለ ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ምንም የማይዝ ብረት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ልክ ርዝመቱን መምረጥ ነው። ይህ ምንም ወጪ የለውም፣ ጥንካሬም አይቀንስም። ከብረት ስለሚቀለው ጠንካራ ማዕድን ስለ ታይታኒየም ከማሰብ በፊት ሁሉም ሰው እዚህ ላይ ቢጀምር እመክራለሁ።

እሑድ፣ የማይነኩት

ዛሬ የጻፍኩት የማልነካቸውን ብሎኖች ዝርዝር ነው። የቢየላ (ፒስተኑን ከሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው) ብሎኖች። ካርተሩን (የሞተሩን ዋና ሣጥን) ከሁለት ወገን የሚያስሩት ትልልቆቹ 12 ሚሊ ሜትር ብሎኖች። የቴስታታ (የሲሊንደሩ ራስ) ፕሪጆኒየሮች፣ ማለትም ራስ የሌላቸው ብሎኖች። ፕሮፔለሩን የሚይዙት። ሞተሩን ከአውሮፕላኑ ጋር የሚያስሩት።

ምክንያቱ ድካም ነው። ብረትም ደጋግሞ ሲሳብና ሲለቀቅ ይደክማል፣ ይሰነጠቃል። ፕሮፔለሩ ያለ ማርሽ ቀጥታ ክራንክ ሻፍቱ ላይ ስለታሰረ ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ያህል ይሠራል። በሰዓት 180,000 ዙር ማለት ነው። እንዲህ ላለ ሞተር የመጀመሪያው የሙከራ በረራ ጊዜ ብዙውን ጊዜ 40 ሰዓት ነው። ያ ብቻውን ከ7 ሚሊዮን ዙር በላይ ይሆናል። የቢየላ ብሎን በእያንዳንዱ ዙር ይሳባል፣ ይለቀቃል። እንዲህ ያለውን ብሎን የሚሠሩ ፋብሪካዎች ጥርሱን አይቆርጡትም። በሮለር ተጭኖ ነው የሚወጣው። ሲጫን የጥርሱ ሥር ይታመቃል፣ ስንጥቅ መጀመር ይከብደዋል። እኔ ጋራዥ ውስጥ ያለኝ ቶርኖ ጥርስ የሚያወጣው በመቁረጥ ነው። ስለዚህ በእኔ እጅ የተሠራ ብሎን ቢየላ ላይ አይገባም። በዚህ ነገር ላይ ድርድር የለም።

የሚቀሩት ሲበጠሱ ሞተሩን የማያቆሙ ናቸው። የኋላው ፕሌት፣ የአልተርኔተሩ ማቀፊያ፣ የቫልቭ ክዳን፣ አየርን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመሩት ላሜራዎች፣ የካንዴላ ሽቦ መያዣዎች። ለአንድ አየር ላይ ለሚሠራ ሰው ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ተፈትቶ የሚወድቅ ብሎን ፕሮፔለር ሊመታ ይችላል። ግን ለመማርና ለመሥራት ትክክለኛው ቦታ እዚህ ነው።

ማክሰኞ ማታ፣ ወረቀትና እርሳስ

የምጠቀመው ታይታኒየም በገበያው ግሬድ 5 የሚባለው ነው። 6 በመቶ አሉሚኒየም፣ 4 በመቶ ቫናዲየም ያለበት። በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 4.43 ግራም ይመዝናል። ብረት 7.85 ነው። ጥንካሬው 8.8 ከሚባለው ደረጃ የብረት ብሎን ይበልጣል። 8.8 ብሎን በካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን ላይ ይበጠሳል፤ ይህኛው እስከ 900 እና 950 ይሄዳል።

30 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 8 ሚሊ የብረት ብሎን 17 ግራም ገደማ ነው። ተመሳሳዩ በታይታኒየም 9.5 ግራም አካባቢ ይወጣል። ከአንዱ 7 ግራም ተኩል ያህል መቀነስ ነው። አርባ ብሎን ቢቀየር 300 ግራም። ብዙ አይደለም። የእርሳስ ባትሪን በሊቲየም መቀየር ከዚህ የበዛ ኪሎ ያወርዳል፤ ክብደት መቀነስ ብቻ የሚፈልግ ሰው ከባትሪው ይጀምር። እኔ ባትሪውን ቀይሬዋለሁ። አሁን የቀረው የአፍንጫው ክብደት ነው። የዚህ አውሮፕላን አፍንጫ በትንሹ ይከብዳል፣ ከፊት የሚነሳ እያንዳንዱ ግራም ደግሞ ሚዛኑን ወደ ፈለግኩት ቦታ ይመልስልኛል።

ዋናው ነገር ግን እቃውን ከመቀየር ይልቅ ቅርጹ ላይ ነው። ባለ 8 ሚሊ ብሎን ጥርስ የሌለው ግንዱ ላይ 50 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ጥርሱ ላይ ግን ጭነት የሚሸከመው 36.6 ብቻ ነው። ብሎኑ ሲሳብ የሚበጠሰው ከጥርሱ ነው። ከ36.6 በላይ ያለው የግንዱ ብረት ለመሳብ ጥንካሬ ምንም አይጨምርም። ግንዱን መሃሉን በ3.5 ሚሊ ፑንታ (መብሻ) ብበሳው 9.6 ካሬ ሚሊ ሜትር ይወጣል። ቶርኖ ላይ የሚወጣው ግንድ ውፍረቱ 7.9 ሚሊ ስለሆነ 39.4 ካሬ ሚሊ ሜትር ይቀራል። ከጥርሱ አሁንም ይበልጣል። ስለዚህ መሃሉ ክፍት የሆነ ብሎን፣ ቀዳዳው ጥርሱ ሳይጀምር ከቆመ፣ እንደ ድፍኑ ይይዛል።

ይህን ስሌት ሳየው ደስ አለኝ። ረጅሞቹ የአልተርኔተር ብሎኖች ላይ ከአንዱ ወደ 2 ግራም ተጨማሪ ይወርዳል።

ቅዳሜ፣ ቶርኖ ላይ

ታይታኒየም ቶርኖ ላይ እንደ ብረት አይታይም። ሙቀት አያስተላልፍም። ከተራ ብረት ሰባት እጥፍ ያህል ያነሰ ነው። ስለዚህ ሙቀቱ በፍቅፋቂው አይወጣም፤ መቁረጫው ጫፍ ላይ ይከማቻል። ፍጥነት መቀነስ ግድ ነው። 14 ሚሊ ዘንግ ላይ ወደ 1000 ዙር አሠራሁት፣ ማለትም በደቂቃ 45 ሜትር ገደማ። ማቀዝቀዣው እንደ ቧንቧ ውኃ ሳይቋረጥ መፍሰስ አለበት።

ሁለተኛው ነገር መቁረጫው አንዴ ከገባ መቆም የለበትም። መቁረጫው ሳይቆርጥ ከታሸ፣ የታሸው ቦታ ይጠነክርና የሚቀጥለውን መቁረጫ ይበላል። ስል የሆነ ኢንሰርት፣ በቂ ጥልቀት፣ የማይቆም ግፊት። በእጅ ሳይሆን በአውቶማቲክ ግፊቱ ነው የሠራሁት። ዕቃው ደግሞ ከብረት ይልቅ ስለሚታጠፍ ከመቁረጫው ይሸሻል። በሌላኛው ጫፍ በሴንተር ካልተደገፈ ጫፉ ወፍሮ ይቀራል።

ጥርሱን ያወጣሁት ሥሩ ክብ በሆነ ኢንሰርት ነው። የሹል ሥር ስንጥቅ ይጠራል። በብሎኑ ራስና በግንዱ መካከል ያለውንም ማዕዘን በ0.5 ሚሊ ሜትር ክብነት አሳለፍኩት። ሮንዴላው ከዚያ ክብነት ጋር እንዳይጋጭ ቀዳዳው አፍ ላይ መሞረድ አለበት። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ብዙ ብሎን ግን የሚሰበረው ከዚህ ማዕዘን ነው።

ራሱን ባለ ስድስት ጎን ያደረግኩት ፍሬዛ (መቁረጫው የሚዞርበት ማሽን) ላይ በመክፈያ ነው። ከዚያ ብሎኑ እንዳይፈታ ለሚይዘው ሽቦ ማዕዘኑ ላይ 1.1 ሚሊ ቀዳዳ። ሽቦው 0.81 ሚሊ ሜትር ነው። የሥራው ትዕግሥት ያለው እዚህ ነው። ቀጭን ፑንታ ታይታኒየም ውስጥ በትንሽ በትንሹ ገብቶ ወጥቶ ነው የሚያልፈው። በአንዴ ከገፉት ውስጥ ይቀራል።

ስለ እሳት፦ ቀጭን የታይታኒየም ፍቅፋቂ ይቀጣጠላል። ሲቀጣጠል ውኃ አይደፋበትም፤ ይባባሳል። ደረቅ አሸዋ በባልዲ አጠገቤ አስቀምጫለሁ። ፍቅፋቂው ቶርኖው ሥር እስኪጠራቀም አልጠብቅም፣ በየመሃሉ አነሳዋለሁ። ይህን የምጽፈው ለወጣቶቹ ነው። ጋራዡ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ሰው በተለይ ልብ ይበል።

ሐሙስ፣ ጋሼ መጡ

በአየር መንገድ ለብዙ ዓመት መካኒክ ሆነው የሠሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ አንድ ጎረቤት አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። ሥራውን እንዲያዩልኝ ጠራኋቸው። ቡና እስኪፈላ እንኳ አልቀመጡም፤ ቀጥታ ወደ ጋራዥ ገቡ። አንዱን ብሎን አንስተው በመነጽራቸው ራሱ ሥር አዩት። ክብነቱን አዩ። ዝም ብለው መለሱት። ከዚያ ዓይናቸው ዳዶዎቹ ላይ አረፈ።

«እነዚህ ቢጫዎቹ ምንድን ናቸው?»

«ኤኤን ዳዶዎች ናቸው ጋሼ። የአውሮፕላን ዕቃ ከሚሸጥ ቤት ያመጣኋቸው።»

«ካድሚየም ናቸዋ! ከታይታኒየም ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ አታስቀምጣቸው። መፍቻህም ካድሚየም የተለበጠ ከሆነ አታስነካው።»

«የብረት ብሎኖቹን ብቻ ልይዝባቸው ነው።»

«ይሁን። ሣጥኑን ግን ለይ። ነገ ማታ ደክሞህ ስትገጥም የትኛው የትኛው እንደሆነ አታስታውስም፣ ልጄ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የአውሮፕላን የብረት ብሎንና ዳዶ ዝገትን ለመከላከል በካድሚየም ይለበጣል። ካድሚየም ከታይታኒየም ጋር ተጠባብቆ ሲሞቅ ወደ ታይታኒየሙ ውስጥ ይገባል፣ እንደ ብርጭቆም ተሰባሪ ያደርገዋል። ካድሚየም 321 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ግን ሳይቀልጥም ጉዳቱ አለ። ለታይታኒየሞቹ የወሰድኩት ልባጥ የሌለው የማይዝግ ብረት ዳዶ ነው። ናይሎን ያለበትን ዳዶ ደግሞ ሞተሩ አጠገብ አልጠቀምም፣ ከ121 ዲግሪ በላይ አይፈቀድለትም። የሲሊንደሮቹ አካባቢ ከዚያ ያልፋል።

ጋሼ ከመሄዳቸው በፊት ሣጥኖቹ ተለይተው በሁለት የተለያየ መደርደሪያ ላይ ሆኑ። ታይታኒየሞቹን ደግሞ በኤሌክትሪክ ቀለም አስያዝኳቸው። በደካማ የሶዲየም ፎስፌት ውኃ ውስጥ ቮልቴጅ ሲሰጠው ፊቱ ላይ ያለው ኦክሳይድ ይወፍራል፤ ቀለሙ የሚመጣው ከውፍረቱ ነው። ወደ 30 ቮልት ላይ ሰማያዊ፣ 55 አካባቢ ወርቃማ። ድፍኖቹ ሰማያዊ፣ መሃላቸው ክፍት የሆኑት ወርቃማ። ቀለሙ ጥንካሬ አይጨምርም። ደክሞኝ ስገጥም ግን በዓይኔ እለያቸዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ስንጥቅ ፍለጋና መበጠስ

ታይታኒየም ማግኔት አይስበውም፤ ስለዚህ በማግኔት ስንጥቅ መፈለግ አይሆንም። በቀይ ቀለም ነው የፈተሽኩት። ማጽዳት፣ ቀለሙን መቀባት፣ እንዲገባ መጠበቅ፣ መጥረግ፣ ነጩን መንፋት። ስንጥቅ ካለ ቀዩ ተመልሶ በነጩ ላይ ይወጣል። ለማጽዳት አሴቶን ብቻ። ክሎሪን ያለባቸው ማጽጃዎች ለታይታኒየም አይመከሩም።

ከዚያ ለመበጠስ ብዬ የሠራኋቸውን ወሰድኩ። ባለ ጌጅ የሃይድሮሊክ ክሪክና ከወፍራም ላሜራ የተበየደ ክፈፍ አለኝ። ስሌቱ 36.6 በ950 ሲባዛ 34.8 ኪሎ ኒውተን ይላል፣ ሦስት ቶን ተኩል ገደማ ማለት ነው። መሃሉ ክፍት የሆነው ብሎን ከዚያ ትንሽ አልፎ ተበጠሰ። የተበጠሰውም ዳዶው ውስጥ የመጀመሪያው ጥርስ ላይ ነው። የተበሳው ግንድ ምንም አልሆነም። ወረቀቱ ላይ ያለው እውነት ነው።

የመጀመሪያው ጥርስ ላይ መሆኑም የሚጠበቅ ነው። ጭነቱ ለሁሉም ጥርሶች እኩል አይከፋፈልም። የመጀመሪያው ጥርስ ብቻውን ሲሶ ያህሉን ይሸከማል። ዳዶውን ማስረዘም ከተወሰነ ልክ በኋላ የማይጠቅመው ለዚህ ነው።

ይህ ሙከራ ስለ ድካም ምንም አይነግረኝም። አንዴ ስቦ መበጠስና ሚሊዮን ጊዜ መነቅነቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የእሑዱ ዝርዝር እንዳለ ይጸናል።

ሰኞ ማታ፣ ጠብቆ ማሰር

ስለ ብሎን አንድ ነገር ብቻ ልናገር ብባል ይህንን ነው የምናገረው። ብሎን ሞላ ነው። ሲጠብቅ ይለጠጣል፣ የሚይዘውም ወደ ቦታው ለመመለስ ስለሚስብ ነው። መፍቻው ላይ የምናነበው ቁጥር የመለጠጡ ልክ አይደለም። አብዛኛው ጉልበት በመፋተግ ይጠፋል።

ለቮልስ ባለ 8 ሚሊ ዳዶዎች የተለመደው 20 ኒውተን ሜትር ነው። ይህ ለደረቅ ብረት ነው፤ ወደ 12.5 ኪሎ ኒውተን ውጥረት ይሰጣል። ታይታኒየም ግን በደረቁ አይታሰርም። ጥርስ በጥርስ ይናከስና ግሪፕ ያደርጋል፣ ከዚያ ወዲያ አይፈታም። ሞሊብዲነም ያለበት ቅባት ግዴታ ነው። ቅባቱ ደግሞ መፋተጉን ስለሚቀንስ ያው 20 ኒውተን ሜትር ውጥረቱን ወደ 20 ኪሎ ኒውተን ይወስደዋል። ብሎኑ ይችለው ይሆናል። ማግኒዚየም ካርተር ውስጥ ያለው ጥርስ ግን አይችለውም፤ ተነቅሎ ይወጣል።

ስለዚህ ቁጥሩን ከመጽሐፍ አልወሰድኩም። መለጠጡን ራሱን ለካሁ። 40 ሚሊ ሜትር የሚይዝ ክፍት ብሎን በ12.5 ኪሎ ኒውተን ሲሳብ 0.11 ሚሊ ሜትር መርዘም አለበት። ሁለቱን ጫፎች በማይክሮሜትር እያነበብኩ ቀስ በቀስ አጠበቅኩት። 0.11 ሲደርስ መፍቻው 13 ኒውተን ሜትር አካባቢ ያሳይ ነበር። ለዚህ ቅባት፣ ለእነዚህ ዳዶዎች፣ ቁጥሬ ይህ ነው። ቅባቱ ከተቀየረ ልኬቱ እንደገና ይጀመራል።

ተመሳሳዩ የብረት ብሎን በዚህ ውጥረት የሚረዝመው 0.06 ብቻ ነው። ታይታኒየም ሁለት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ይህ ጥሩ ነገር ነው። ጓርኒሲዮን (በሁለት ዕቃ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ትንሽ ሲቀመጥ፣ ብዙ የተለጠጠው ብሎን ውጥረቱን ቶሎ አያጣም።

ሙቀትም አለ። ማግኒዚየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ያህል ይሰፋል። ታይታኒየም ከብረት እንኳ ያነሰ ነው የሚሰፋው። ስለዚህ ታይታኒየም ሲሞቅ የበለጠ ይጠብቃል ብዬ እጠብቅ ነበር። ስሌቱ ግን ሌላ ነገር አሳየኝ። ሞተሩ በ80 ዲግሪ ሲሞቅ የሚጨመረው ውጥረት በብረት ብሎን 8.4 ኪሎ ኒውተን፣ በታይታኒየም 5.8 ነው። ለስላሳ ሞላ መሆኑ የመስፋፋቱን ማነስ ያካክሳል። ካርተሩ ራሱ ትንሽ ስለሚጨመቅ እውነተኛዎቹ ቁጥሮች ከዚህ ያንሳሉ፣ ቅደም ተከተላቸው ግን አይለወጥም።

ረቡዕ፣ ዝገት

ማግኒዚየምና ታይታኒየም ጎን ለጎን እርጥበት ካገኙ ማግኒዚየሙ ይበላል። እዚህ ሜሪላንድ በጋው ላብ በላብ ነው፣ አውሮፕላኑም ሃንጋር ውስጥ ለሳምንታት ይቆማል። ስለዚህ ታይታኒየም በቀጥታ ካርተሩ ውስጥ እንዲገባ አላደረግኩም። ካርተሩ ላይ ፕሪጆኒየሮቹ ብረት ሆነው ይቆያሉ። ታይታኒየሞቹ አሉሚኒየም ከአሉሚኒየም የሚያስሩት ላይ ናቸው፤ እዚያም ቢሆን ከራሳቸው ሥር የአሉሚኒየም ሮንዴላና የማሸጊያ ቅባት አለ። የኮፓው (ከሥር ያለው የዘይት መያዣ) ክዳን 6 ሚሊ ዳዶዎች ባሉበት ቀሩ። 7 ኒውተን ሜትር ብቻ የሚጠብቁ ናቸው፣ ዘይቱን የሚይዙትም እነሱ ናቸው። ለጥቂት ግራም ብዬ አልነካቸውም።

የአየር መምሪያ ላሜራዎቹን ያሰርኩት በ7075 አሉሚኒየም ብሎኖች ነው። ቶርኖ ላይ እንደ ቅቤ ይሄዳል፣ ክብደቱ የብረትን ሲሶ ትንሽ ያልፋል። ሙቀት ላይ ግን ይለሰልሳል፤ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ያሉት ሁሉ ብረት ናቸው።

ቅዳሜ፣ ሞተሩ ተነሣ

ሁሉም ታሰረ፣ በሽቦ ተያዘ፣ ከእያንዳንዱ ራስ ወደ ፕሌቱ የቀለም መስመር ተቀባ። ብሎኑ ትንሽ ቢዞር መስመሩ ይሰበራል። ጋሼ ሽቦውን አንድ በአንድ በጣታቸው እየጎተቱ አዩት። አንዱ ላይ «ይሄ ወደ መፍታት ነው የሚስበው» አሉ፤ ሽቦው ሁልጊዜ ወደ ማጥበቅ አቅጣጫ መሳብ አለበት። እሱን ፈትተን ደግመን አሰርነው።

መሬት ላይ አሠራነው። መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ ዘይቱ ሲሞቅ ወደ ላይ። አጥፍተን እስኪቀዘቅዝ ከጠበቅን በኋላ መስመሮቹን በባትሪ መብራት አየሁ። የተንቀሳቀሰ የለም። የአልተርኔተሩን ረጅም ብሎኖች በማይክሮሜትር ደግሜ ለካሁ፤ መለጠጣቸው እንደነበረ ነው። የቫልቭ ክዳኖቹ ጓርኒሲዮን ግን ተቀምጧል፣ እንደሚጠበቀው፤ ደግሜ ወደ ልካቸው አጠበቅኳቸው።

የወረደው ክብደት በአጠቃላይ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ጥሩ ድርሻ ያለው ርዝመትን በማስተካከልና ትርፍ ሮንዴላን በማንሣት የመጣ ነው።

የቀረው የማቀጣጠያው ማቀፊያ ነው። እሱን አሁን አልቀይርም። ከመጀመሪያዎቹ 10 የበረራ ሰዓቶች በኋላ ታይታኒየሞቹን ፈትቼ በቀይ ቀለም እፈትሻለሁ። ንጹሕ ሆነው ከተገኙ ያኔ የማቀፊያውን እሠራለሁ። ዘንጉ ተቆርጦ መደርደሪያው ላይ አለ፣ ከካድሚየሙ ሣጥን ርቆ።